አባ ድምስስ ያልነካው ድልድይ

የአገሩን ስም አልጽፍም። ብጽፈውም የአገሩ ሰዎች «ይህ እኛን አይደለም፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ነው» ይላሉ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትም እንደዚያው ይላሉ። ድካሙ ይቅርብኝ። እኔ ደርሰህ እባላለሁ፤ የከተማዋ የትረካ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ስጽፍ እንጎራደዳለሁ፣ ስበላ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሄጄ ድንኳኑን ስዞር ነው የምውለው። ይህንንም የምጽፈው ቆም ቀመጥ እያልኩ ነውና ቢንገዳገድ አትፍረዱብኝ።

በከተማችን አባ ድምስስ የሚባል ክፉ ሰው ነበር። ነበር ስል በትረካ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ በአደባባዩ መድረክ ላይ አንድ ክፍል ይታያል፤ በየክፍሉም አባ ድምስስ አንድ ጥፋት ያጠፋል። አንዱን ዓመት ጎተራ ያቃጥላል፣ አንዱን ዓመት ሙሽራ ይጠልፋል፣ ሌላውን ምንጭ ይመርዛል። ጥፋቶቹን የምፈጥረው እኔ ነበርኩ። አባ ድምስስን ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ ጋሽ ልሳነወርቅ ነው፤ ልሳኑ እንለዋለን። ሥራው ኮርቻ መስፋት ነው፤ ዝንብ ከመግደል መስኮት ከፍቶ ቢሸኛት የሚመርጥ ሰው ነው። ጥቁር ካባውን ደርቦ ድምፁን ሲያጎረንን ግን ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ።

እስከዚህ ድረስ በየትኛውም አገር ያለ ነገር ነው። የእኛ ልማድ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከተማችንን የሚያስተዳድሩት ሹም ሊቀ ጸጥታ ይባላሉ። ሥራቸው ጸጥታ ማስከበር ነው፤ የቀረውን ሥራ ጸጥታው ራሱ ይሠራዋል ብለው ያምናሉ። በቢሯቸው በር ላይ «ዝም አይነቅዝም» የሚል አስቀርጸዋል። እኚህ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰው የሚጣላው ጥፋቱ የማን እንደሆነ መስማማት ስለማይችል ነው። ወጥ ሲያር ባል ሚስቱን ይወቅሳል፣ ሚስት እንጨቱን ትወቅሳለች፣ እንጨት ሻጩ ዝናቡን ያማርራል። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጡ። በየሳምንቱ በገበያ ቀን ልሳኑ ካባውን ለብሶ በአደባባዩ ጥግ ባለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ጥፋት የከበደው ሁሉ ተሰልፎ ይመጣና «አንተ ነህ ወይ?» ይለዋል። ልሳኑ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ሰውየው ቀሎት ይሄዳል።

«ወጤን ያሳረርከው አንተ ነህ ወይ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«በእኔ አፍ ገብተህ ወንድሜን የሰደብከው አንተ ነህ ወይ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«አጥሬን ወደ ጎረቤቴ ግቢ ሦስት እርምጃ የገፋኸው አንተ ነህ ወይ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።» አጥሩ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። መልሰው የሚል ደንብ የለማ።

በዚህ መንገድ ከተማዋ ጸጥ አለች። ከሌላ አገር የመጡ ሹማምንት ሊቀ ጸጥታውን እንዴት አደረጉት እያሉ ጠይቀው ማስታወሻ ይዘው ሄደዋል። ልሳኑን ግን ሰላም የሚለው ሰው ጠፋ። እድሩም ስሙን አባ ድምስስ ብሎ መዝግቦ፣ «ክፉ ሰው ሲሞት ድንኳን አንተክልም» ብሎ ወሰነ። ልሳኑ ተናጋሪ አይደለም፤ ይህችን ውሳኔ ግን ሁለት ጊዜ ነግሮኛል።

አሁን ወደ ድልድዩ ልምጣ፤ እየዞርኩት ብዙ ቆየሁ። ከሦስት ዓመት በፊት መድረኩ ዝቅ አለብኝ። ከኋላ የቆሙት አያዩም ብዬ ሊቀ ጸጥታው ዘንድ ሄድኩ። «እንጨት ከየት ይመጣል?» አሉኝ። እኔም ስዞር የማየውን ነገርኳቸው። የወንዙ ድልድይ ከሥሩ አራት ተሸካሚ ግንዶች አሉት፤ መካከለኞቹ ሁለቱ ሥራ የፈቱ ይመስላሉ። ሊቀ ጸጥታው «ሥራ የፈታ ነገር አልወድም» አሉና ፈቀዱ። ግንዶቹ ተነቀሉ፣ መድረኩ ከፍ አለ፣ እንጨቱ ከየት መጣ ሳይል ሁሉም አጨበጨበ። በሁለተኛው ወር ጥላዬ የሚባል ቃጫ ነጋዴ ከነጭነቱ ሲሻገር ድልድዩ ከሥሩ ወረደ። በቅሎው ተርፋለች። ጥላዬ አልተረፈም።

በሚቀጥለው ገበያ ከተማው ተሰበሰበ። ሊቀ ጸጥታው ራሳቸው ከሰልፉ ፊት ቆሙና «ድልድዩን የጣልከው አንተ ነህ ወይ?» አሉት። ልሳኑ ስለ ግንዶቹ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ደንቡን ግን ያውቃል። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌዎች በመዝገብ ጻፉት፣ ነገሩ ተዘጋ። እውነቱን ልናገር፣ እኔንም ቀለል አለኝ። ለአንድ ሳምንት ያህል።

ያልቀለላት የጥላዬ ሚስት ይመኙሻል ብቻ ናት። ባሏ የሚያመጣውን ቃጫ ገመድ እየገመደች የምትኖር ሴት ናት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየገበያው ትሰለፋለች፤ ተራዋ ሲደርስ እንደ ሌላው ሰው «አንተ ነህ ወይ?» አትልም። «ማን ነው?» ትላለች። ልሳኑ ከደንቡ ውጪ መልስ የለውምና «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይላል። እሷም «አንተን አልጠየቅኩም» ትልና ትሄዳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ገበያ አልቀረችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ወጊው ነኝ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁም። ከዚያ ወዲህ መድረኩ ላይ ስቆም እግሬ አርፎ አያውቅም፤ ከሥር ግንዶቹ ሲንቋቁ እሰማለሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ ሊያባራ ሲል ልሳኑ ቤቴ መጣ።

«ደርሰህ፣ ግደለኝ» አለኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ጉልበቴ አለቀ። ድንጋዩ ይበርዳል። እኔ ስድሳ አምስት አልፎኛል፤ በዚህ ዕድሜ የሰው ወጥ ሳሳርር መዋል አልቻልኩም።» ጉልበቱን እያሸ «ግን ዝም ብለህ አትግደለኝ። ሰው አድኜ ልሙት። ሰው ሲያይ ሆዱ ይራራል፤ ምናልባት እድሩም ያስብበታል» አለ።

«ይህን ሁሉ አጥፍቶ በአንድ ሞት ይነጻል ብለህ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጎተራውን ያቃጠልከው አንተ ነህ፤ እኔ ችቦ ነው የያዝኩልህ።»

አባ ድምስስ ያለ ሊቀ ጸጥታው ፈቃድ መሞት አይችልም። ሄጄ ነገርኳቸው። ይከለክሉኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ከወንበራቸው ተነሱ።

«በድልድይ ይሁን» አሉ። «ጎርፍ ይምጣ፤ ድልድዩ ሊወርድ ሲል አባ ድምስስ ከሥሩ ገብቶ በትከሻው ይሸከመው። ሕዝቡ ይሻገር፣ እሱ ይሙት። ከመሞቱ በፊት ግን ‹ያን ጊዜ ድልድዩን ጥዬ ጥላዬን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ማሩኝ› ይበል። ሕዝቡም ይማረው። በቁልፍ የተዘጋ ነገር ቀን ጠብቆ ይከፈታል፤ በምሕረት የተዘጋ ግን ማን ይከፍተዋል?»

«እንዳሉ» አልኩ።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ምን ያቅበጠብጥሃል?» አሉኝ። መቀመጥ አልቻልኩም።

ጉዳዩ ለምሕረት ሸንጎ ቀረበ። የሌለ ሰው በሌለ ሞት ይማር ወይስ አይማር ብሎ ከተማው ሁለት ቀን ተከራከረ፤ የትክክለኛው ድልድይ ጥገና ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሥጋ ሻጩ ተነስቶ «ሞት ለሁላችንም የማይቀር ነው። የማይቀረውን ነገር መስጠት ምን ስጦታ ነው?» አለ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ልብስ ሰፊ «መንገደኛ ቢያድን ለመንገደኛው ነው ውለታው። እኔን የበደለኝ እኔው ደጅ ይምጣ እንጂ ለሌላ ሰው ሞቶ ከእኔ ጋር እንዴት ይታረቃል?» አለ። እኔ ይህን ስሰማ ውጭ ወጥቼ ሸንጎውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ስመለስ አንዲት ወይዘሮ «የእኔን ወጥ አራት ጊዜ አሳርሯል። የሚሞተው ስንቴ ነው?» እያሉ ነበር።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ «ለመሆኑ እሱ ከጸደቀ፣ ከነገ ወዲያ የሚያሳርረው ማን ሊሆን ነው?» አለ። ሁሉም የራሱን ምድጃ የሚያስብ ይመስል ነበር። ሊቀ ጸጥታው ፈጠን ብለው «አትስጉ፤ ደርሰህ ሌላ ይፈጥርላችኋል» አሉ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ፤ ከዚያ በኋላ መማሩን የሚቃወም አልተገኘም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ምሕረቱ በምን ይታወቃል ብለው ጠየቁ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ተባለና በእንባ እንዲሆን ተወሰነ። አባ ድምስስ ሲሞት ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ሕዝቡ ዞረው ይቆማሉ፤ ሕዝቡ ካለቀሰ ተማረ ማለት ነው፣ ካላለቀሰ አልተማረም።

በማግስቱ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ይመኙሻል ዳር ላይ ቃጫ እየነከረች አገኘኋት። ልመለስ ስል አየችኝ።

«ና እስቲ ጋሽ ደርሰህ፣ ፈልጌህ ነበር» አለችኝ። «በዚህ በምትጽፈው ነገር እኔ አለቅሳለሁ።»

«ገና ሳታዪው?»

«ራሴን አላውቅም? ተረት ላይ ሆዴ ቡቡ ነው። ያቺ የውሸት ሙሽራ ስትጠለፍ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ጥላዬ ስቆብኝ ሊሞት። ያ ሽማግሌ ድልድይ ተሸክሞ ሲያቃስት ካየሁ አለቅሳለሁ።»

«ብታለቅሺስ ምን አለበት?»

«ካለቀስኩ ማርኩ ተባለ። ከማርኩ በኋላ ማን ነው ብዬ የምጠይቀው በየትኛው አፌ ነው?» እርጥቡን ቃጫ እያጠመዘዘች ነው የምትናገረው፤ ቀና ብላ አላየችኝም። «እንዳልቀር፣ እልኸኛ ናት ብለው ነገሩን ያለ እኔ ይጨርሱታል። እመጣለሁ። አንተ ግን አታስለቅሰኝ። መጥፎ አድርገህ ጻፈው። መጥፎ መጻፍ እንደሆነ አንዳንድ ዓመት ታውቅበታለህ።»

ሳቅኩ፤ እሷም ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ «አባ ድምስስ ድልድዩን አልነካም» አለችኝ። «የሌለ ሰው ግንድ አይነቅልም።»

«ይህንማ ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም የሚያውቀውን ታዲያ ማን ነው የሚናገረው?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እዚያው ውሃው ዳር፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን «ዘንድሮ ቃጫው ጥሩ ነው?» አልኳት። «ደህና ነው» አለች። ተሰናብቻት ሄድኩ። ይህን የምጽፈው አፍሬ ነው፤ በሕይወቴ ካጠፋሁት ሁሉ ግንዶቹንና ይህችን ቃል አቻ አድርጌ አያቸዋለሁ።

መጥፎ አድርጌ ለመጻፍ ሞከርኩ። አልሆነልኝም፤ አባ ድምስስ ባቃሰተ ቁጥር እኔው ራሴ እንባዬ ይመጣል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ትቼ ልሳኑ ኮርቻ ቤት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። ስለ መድረኩ፣ ስለ ግንዶቹ፣ ስለ ሊቀ ጸጥታው ፈቃድ። ወስፌው ቆዳው ላይ እንደተሰካ ቀረ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አለ በመጨረሻ፣ «ያንተን አዎ ነው እኔ ስልልህ የኖርኩት?»

«አዎ።»

«ከእኔ ምን ትፈልጋለህ ታዲያ?»

«መድረኩ ላይ አልነካሁም በል። ሌላውን ሁሉ አምነህ ድልድዩን ብቻ አልነካሁም በል። አዎ ያልከውን በመዝገብ ጽፈዋል፤ አልነካሁም ስትልም መጻፍ ግዳቸው ነው።»

«አንተ ራስህ አደባባይ ወጥተህ አትናገርም?»

«ብናገር አባ ድምስስ በአፉ ገብቶ ነው ብለው ወደ አንተ ሰልፍ ይመልሱኛል። አንተ አዎ እስካልክ ድረስ የእኔን አዎ ማን ይሰማዋል?» ይህ እውነት ነው። እፈራለሁ ማለቱንም አልዘለልኩትም፤ እሱንም ነገርኩት።

ልሳኑ ወስፌውን ነቅሎ ጨርቅ ላይ ጠረገው። «ይህን ካልኩ ማንም አያለቅስልኝም» አለ። «ሊቀ ጸጥታውም አይምሩኝ፣ እድሩም ድንኳን አይተክልልኝ።»

«አዎ።»

«ሂድ በል። ሥራ ልሥራበት።»

እሺም እንቢም አላለኝም። ቀኑ እስኪደርስ ከተማዋን ስንት ጊዜ እንደዞርኳት አላውቅም፤ ጫማዬ ተበሳ።

የትዕይንቱ ቀን አደባባዩ ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። ከሸንበቆ የተሠራ ድልድይ መድረኩ ላይ ተዘርግቷል፤ ልሳኑ ከሥሩ ገብቶ ትከሻውን ሰጥቷል። በላዩ ላይ ሽማግሌ ሆነው፣ ነፍሰ ጡር ሆነው፣ ዕቃ ተሸክመው የሚጫወቱት አንድ በአንድ ይሻገራሉ። ልሳኑ ያቃስታል። እኔ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ በቀዳዳ አያለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው የሕዝቡን ዓይን ይመረምራሉ። ሥጋ ሻጩ በመዳፉ ፊቱን ሲጠርግ አየሁት። ይመኙሻል ፊተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ዓይኗ ሞልቷል። አንድ ጊዜ ብታርገበግበው እንባዋ ይወርድ ነበር።

«ጎተራውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለ ልሳኑ። «ሙሽራዋን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። ምንጩን የመረዝኩት እኔ ነኝ።» ቆመ። ሸንበቆውን በትከሻው ላይ አመቻቸ። ከዚያ የአባ ድምስስን ድምፅ ተወው። ኮርቻ ሊያሰፋ የመጣን ሰው በሚያነጋግርበት በራሱ ድምፅ «ድልድዩን ግን አልነካሁም» አለ።

የመጨረሻዋን ሴት አሻገራት፣ ሸንበቆው ወረደበት፣ እንደተጻፈው ሞተ። እንዲህ አምሮ ሞቶ አያውቅም። ከዚያች ቃል በኋላ ግን አንድም ሰው አላለቀሰም። የይመኙሻል እንባ ከዓይኗ ጠርዝ ተመለሰ፤ ነጠላዋንም ከጥርሷ ለቀቀችው።

ሊቀ ጸጥታው ተነሱ። «ይህ በጽሑፉ ላይ የለም። አይመዘገብም» አሉ።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ በመዝገብ ነገር ጥብቅ የሆኑት፣ «አዎ ሲል መዝግበናል» አሉ። «አልነካሁም ሲል አንመዘግብም ካልን ያኛው በምን ተመዘገበ?» ይህን ጊዜ ይመኙሻል ተነሳች።

«ማን ነው?» አለች።

ለዚህች ጥያቄ ሦስት ዓመት ሙሉ መልስ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። አሁን መላሹ ሸንበቆ ሥር ሞቶ ተኝቷል። ሰው ሁሉ የሚያየው አጥቶ መሬት መሬት ያያል። እኔ እግሬ ነው ያወጣኝ፤ ልቤ ገና መጋረጃው ጀርባ ነበር።

«ግንዶቹ እዚህ ናቸው» አልኩ። «የቆምኩት በእነሱ ላይ ነው። ከድልድዩ ያስነቀልኳቸው እኔ ነኝ። ሊቀ ጸጥታው ፈቅደውልኛል።»

ሊቀ ጸጥታው ዓይናቸውን አላርገበገቡም። «ይህ የትረካው ክፍል ነው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«አባ ድምስስ በአፍህ ገብቶ ነው?»

«አባ ድምስስ ሞቷል፤ ይኸው ተኝቷል።»

ልሳኑ ከሸንበቆው ሥር ዓይኑን ሳይገልጥ «አዎ፣ ሞቻለሁ» አለ።

ሁለት ሰዎች መድረኩ ሥር ገብተው አዩ። የከተማዋ ምልክት የተቀረጸባቸው ሁለት ግንዶች አገኙ። ሊቀ ጸጥታው «የጠየቀኝ እሱ ነው፤ እሱን ያስጠየቀው ማን እንደሆነ ግን ይጣራል» አሉና ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

የተወሰነውን ልንገራችሁ። ማንም ስላላለቀሰ አባ ድምስስ ሳይማር ሞቷል ተባለ። ከድልድዩ ጥፋት ግን ነጻ ነው ተባለ፤ ካባውም ከመቃብሩ አጥር ውጭ ተቀበረ። እድሩ በበኩሉ የሞተ ሰው በአባልነት ሊቀጥል አይችልም ብሎ አባ ድምስስ የሚለውን ስም ሰረዘ። በቦታው ማን ይጻፍ ሲባል የቤቱ ባለቤት ልሳነወርቅ ነው ተባለና ልሳነወርቅ ተጻፈ። እሱ ጊዜው ሲደርስ ድንኳን ይተከልለታል። ምሕረት ያላገኘበትን ነገር በስም ማስተካከያ አገኘው።

ግንዶቹ ወደ ድልድዩ ተመለሱ፤ መድረኩም እንደ ድሮው ዝቅ አለ። ለእኔ ከባድ ቅጣት ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን የገበያው ቀን ደርሶ ድንጋዩ ባዶ ነበር፣ ሰልፉም ከወዲሁ መንገድ ዘግቷል። እኔ እንድቀመጥበት ተፈረደ። ከሰልፉ ፊት የመጀመሪያው ሰው ሊቀ ጸጥታው ነበሩ።

«በእኔ አፍ ገብተህ ግንዶቹ እንዲነቀሉ የፈቀድከው አንተ ነህ ወይ?» አሉኝ።

ደንብ ነው። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ቀሏቸው ሄዱ። ዛሬም ሹም ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው እቀመጣለሁ። ልሳኑ የኮርቻ ትራስ ሰፍቶ አምጥቶልኛል፤ «አዎ ስትል አንገትህን አትነቅንቅ፣ እስከ ማታ አይዘልቅልህም» ብሎም መክሮኛል። ወጥ አሳርራለሁ፣ ወንድማማች አጣላለሁ፣ አጥር እገፋለሁ። የሚያመኝ ቅዝቃዜው አይደለም። በሕይወቴ አንዲት እውነተኛ አዎ ነበረችኝ፤ አሁን ከሰው ሁሉ አዎ ጋር ተቀላቅላ የቷ እንደሆነች የሚለይ ጠፋ። ሰዎች ድልድዩንም እንደ ወጡ «አንተ ነህ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ ስመልስላቸው ቀሏቸው ይሄዳሉ። ይመኙሻል ግን መምጣት ተወች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ሰልፉን በዓይኔ ስፈልግ ከረምኩ። የፈለገችውን አግኝታ ነው እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ እሷም እንደ ሌላው ከቁብ ሳትቆጥረው ቀርታ ይሆን እላለሁ።

ባለፈው ገበያ መጣች። ፍየሉ የጠፋበት ሰው ነበር የሚቀድማት፤ ፍየሉን ሰረቅኩለትና ሄደ። እሷ ፊቴ ቆመች።

«ለምን?» አለችኝ።

ሰልፍ የሚያስከብረው ዘበኛ «‹አንተ ነህ ወይ› ነው የሚባለው እትዬ» አላት።

«እሱን አውቄያለሁ» አለችው። ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። አባ ድምስስን በኖረበት ዘመን ሁሉ ማንም ለምን ብሎ ጠይቆት አያውቅም፤ ለዚህ የተጻፈ መልስ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከድንጋዩ መነሳት አላሰኘኝም።

«መድረኩ ከፍ እንዲል ነው» አልኳት። «ከኋላ የቆሙት የጻፍኩትን እንዲያዩልኝ።»

«ምን ያህል ከፍ አለ?»

«ሁለት ክንድ።»

ገመድ ስትለካ የምትውል ሴት ናት። ተንበረከከችና ክርኗን መሬት ላይ አቆመች፤ ጣቶቿ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ደረሱ። እዚያ በጥፍሯ ምልክት አድርጋ ክርኗን ምልክቱ ላይ አቆመች፤ የመሃል ጣቷ ደረቴ ላይ አረፈ። እጇን ሳታነሳ ሁለቱን ክንድ ከታች እስከ ላይ አየችው። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ አላጉረመረመም።

«ከፍታዋ ይቺን ታህላለች?» አለችኝ።

«ይቺን ታህላለች» አልኳት።